ከቀይ ቀለሙ በፊት

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ሦስት ሆነን ነው። ሦስታችንም የአብደራፊ ልጆች ነን። አብደራፊን የማታውቁ ካላችሁ አንቀየማችሁም፤ ለምደነዋል። ካርታ ላይ ጎንደርን ፈልጉና ጣታችሁን ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ሱዳን ድንበር ግድም ውሰዱት። ደጋው አልቆ መሬቱ ሲንጣለል፣ አፈሩ ሲጠቁር፣ ፀሐዩ አናት ላይ ሲቆም ምዕራብ አርማጭሆ ደርሳችኋል። የሰሊጥና የጥጥ አገር ነው። ክረምት ላይ ለአረም፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ለአጨዳ ከየደጋው የቀን ሠራተኛ ይጎርፍበታል፤ ሰሊጡ ተሰብስቦ ሲያልቅ ሰዉም ይበተናል። አብደራፊ በዜና ከተነሳች ወይ በሰሊጥ ዋጋ ነው፣ ወይ በካላዛር ነው (ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ለዓመታት ካላዛርና የእባብ ንድፊያ ያከመው እዚያ ነው)፣ ወይ ደግሞ በጦርነት ነው።

ከእንዲህ ያለ ከተማ ለመጣ ልጅ "ታሪካዊ ሰፈር" የሚባለው ነገር የሌላ ሰው ንብረት ይመስለዋል። ታሪክ አጠገባችን ጠፍቶ አይደለም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁት መተማ ላይ ነው፤ ከተማዋም እስከዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ነገር ግን እኛ ስናድግ ታሪክ ማለት ንጉሥ የወደቀበት ሜዳ ነበር። እናታችን ቡና የምታፈላበት ግቢ፣ ጎረቤት በአጥር ቀዳዳ እሳት የሚጫጫርበት ጠባብ መንገድ ታሪክ ሊባል እንደሚችል የነገረን አልነበረም። ይህን የተማርነው አዲስ አበባ መጥተን፣ የራሳችን ባልሆነ ሰፈር ኖረን፣ ያ ሰፈር ከፈረሰ በኋላ ነው። ዛሬ የምናወራችሁም ስለዚያ ነው። አንድ ያልተናዘዝነው ነገርም አለን።

እኛ ደባሎቹ

ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን ሥራ ፍለጋ ስንዞር መሀል አዲስ አበባ ካሉት አሮጌ ሰፈሮች በአንዱ አንዲት ክፍል ተከራየን። የሰፈሩን ስም አንጠራም፤ ከየትኛውም ቢሮ ጋር ጠብ የለንም፤ ታሪኩም የብዙ ሰፈሮች ታሪክ ነው። ክፍሏ ከአንድ የቀበሌ ቤት ጎን ላይ በቆርቆሮና በጭቃ የተለጠፈች ነበረች። አከራያችንን እማማ ነበር የምንላቸው። የቀበሌ ቤት ማከራየት እንደማይፈቀድ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን። ሆኖም እሳቸው የእኛ ኪራይ ባይኖር የወሩን አስቤዛ አይችሉም፤ እኛ ደግሞ ያቺ ክፍል ባትኖር ከተማው ጫፍ ወጥተን ግማሽ ደመወዛችንን ለታክሲ እንገብር ነበር። ሕግ የማያውቀው ስምምነት ሁለታችንንም አኖረን።

ሰፈሩን አናሳምረው። ሽንት ቤቱ አንድ ነው፤ የሚጠቀሙበት ቤተሰቦች ከደርዘን ይበልጣሉ። ክረምት ላይ ጎርፉ በራችን ድረስ ይመጣል። ሌሊት እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ የለም። "ሰፈራችን እንደ ጥንቱ ይቆይ" የሚለውን ወግ የሚያወራው ብዙ ጊዜ በዚያ ሽንት ቤት ተሰልፎ የማያውቅ ሰው ነው። እማማም ቢሆኑ "ይፍረስ፤ ብቻ ከፈረሰ በኋላ ሰው የሚኖርበት ነገር ይሁን" ነበር የሚሉት።

ይሁንና ያ ሰፈር የሚተዳደርበት የራሱ መንገድ ነበረው። ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ውኃ በመጣ ቀን ማን መጀመሪያ እንደሚቀዳ፣ የታመመ ሰው ቤት ማን እንደሚያድር፣ ያላባት ልጅ የትምህርት ቤት ደብተር ከየት እንደሚገዛ የታወቀ ነው። ከሁሉም በላይ ዕድሩ ነበር። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቆቹ ድስቶች፣ መዝገቡ፣ ጥሩምባ ነፊው። ሰው ከሞተ ድንኳኑ ወዲያው ተተክሎ ታየዋለህ። ማንም ኮሚቴ አላቋቋመም፣ ማንም ሥልጠና አልሰጠም። በአዲስ አበባ እኛ ያየነው በሰዓቱ ሥራውን የሚሠራ ብቸኛ መሥሪያ ቤት ዕድር ነው ብንል ብዙ አላጋነንም።

ስብሰባው

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነዋሪው ለ"ውይይት" ተጠራ። እኛም ከእማማ ጋር ሄድን። መድረኩ ላይ ካርታ ተለጥፏል፤ ሰፈራችን ካርታው ላይ ነጭ ነበር። ከዚያ አንድ ትሁት የሆነ ወጣት ባለሙያ ተነሥቶ ስለ መልሶ ማልማት አስረዳ። በእውነት ትሁት ነበር። የቀበሌ ቤት ተከራይ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት እንደሚመርጥ፣ የግል ባለይዞታ ካሳና ምትክ ቦታ እንደሚያገኝ፣ ለመነሣት የተሰጠው ጊዜ ስንት እንደሆነ ተናገረ። ቀጥሎም "ጥያቄ ካለ" አለ።

እማማ እጃቸውን አወጡ። "ልጄ፣ ዕድራችንንስ የት ታደርጉታላችሁ?" አሉት።

ወጣቱ ፈገግ ብሎ "እናቴ፣ ሐሳብዎ ተመዝግቧል" አላቸው።

አዳራሹ ሳቀ። እኛም ሳቅን። አሁን ስናስበው በዚያ ጠዋት ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ የፕላን ጥያቄ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ "መቼ ነው የምንነሣው? ስንት ካሬ ነው? ስንተኛ ፎቅ ነው?" የሚል ነበር፤ ውሳኔው ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ።

ኑዛዜያችን እዚህ ላይ ነው። ከሦስታችን አንዱ የተማረው የከተማ ፕላን ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ረቂቅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ መቅረብና ውይይት ሊደረግበት እንደሚገባ መደንገጉን ያውቃል፤ ፈተና ላይ መጥቶለት መልሶታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው እንደሚል ያውቃል። "ይህ ረቂቅ ነው ወይስ የጸደቀ? ረቂቅ ከሆነ ለምን ሌላ አማራጭ አልቀረበም?" ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። አልጠየቀም። እኛም ጎኑን ጎሸም አላደረግነውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ደባሎች ነበርን። አንድ ሰው ዞር ብሎ "አንተ የማን ቤት ነህ?" ቢለን እማማን ማጋለጥ ሊሆን ነው። ስለዚህ የሚያውቀው ሰው ዝም አለ፤ የማያውቁት እናት ግን ጠየቁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በራችን ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ።

ድንኳኑ የማን ነው?

ሰፈሩ ሲበተን የዕድሩ ገንዘብ ተቆጥሮ ተከፋፈለ። ገንዘብ ይካፈላል። ድንኳን ግን አይካፈልም። አንዱ "ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ" አለ፣ ሌላው "ብዙ ሰው የሄደበት ሳይት ይወሰድ" አለ፤ በመጨረሻ ይኸኛው ተወሰነ። እማማ የደረሳቸው ግን ሌላ አቅጣጫ ነበር።

ስምንት ወር ሳይሞላ ከጎረቤቶቻችን አንዷ አረፉ። እሳቸው ያሉት በከተማው አንድ ጫፍ፣ ድንኳኑ በሌላው ጫፍ። ጥሩምባ የሚነፋለት ሰፈር ስለሌለ ወሬው በስልክ ነው የሄደው፤ የአንዱ ስልክ ዝግ ነው፣ የአንዱ ቁጥር ተቀይሯል። ድንኳኑ በኪራይ አይሱዙ ተጭኖ ሲደርስ ቀብሩ አብቅቶ ሰው ተመልሷል። እማማ ያን ዕለት ያሉትን አንረሳውም፦ "ቤታችንን ለኩት፣ መንገዱን ለኩት፤ ሞታችንን ግን ፕላን ውስጥ አላስገቡትም።"

ይህ የእኛ ሰፈር ብቻ ታሪክ ቢሆን ባልጻፍነው። ልደታ በ2001 እና 2002 ዓ.ም. ሲፈርስና በኮንዶሚኒየም ሲተካ ሰዉ ተመሳሳይ ምርጫ ነበር የቀረበለት፤ ለኮንዶሚኒየሙ ቅድሚያ ክፍያ አቅም ያልነበረው ወደ ሌላ የቀበሌ ቤት ሄደ። የካቲት 2016 የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲመረቅ ከጎኑ የነበረው ዶሮ ማነቂያ በዚያው ሰሞን ፈረሰ። በ2017 ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ዛሬ እዚያ ያሉትን መብራቶችና ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች አይተን "ጥሩ አይደለም" አንልም፤ ማታ ማታ እኛም እንሄድባቸዋለን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እዚያ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች መስመሩ ከመሰመሩ በፊት ተጠርተው ነበር ወይስ ከተሰመረ በኋላ?

ቀበሌ ማለት ማን ነበር?

እዚህ ላይ ብዙ የእኛ ትውልድ ልጅ የማያውቀውን አንድ ነገር እናስታውስ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች አስተዳደር ለቀበሌ ተሰጠ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች። ያኔ "ቀበሌ" የተባለው ማን ነው? አዋጁ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነው የሚለው። አዎ፣ ማኅበር! በወረቀት ላይ ቀበሌ ማለት ጎረቤቶች ተሰብስበው ሰፈራቸውን የሚያስተዳድሩበት ማኅበር ነበር። ኪራዩን ሰብስቦ ለሰፈሩ መንገድ፣ ለሽንት ቤት፣ ለመዋዕለ ሕፃናት ማዋል የእሱ ሥራ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ የመንግሥት የመጨረሻው እጅ ሆነ። በቀይ ሽብር ዘመን የቀበሌ ስም ምን ያህል እንደሚያስፈራ ወላጆቻችን ይነግሩናል። ከዚያም በኋላ ቀበሌ መታወቂያ የሚወጣበት ቢሮ ሆነ። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ስሙም በወረዳ ተተክቷል። "የነዋሪዎች ማኅበር" የሚለው ሐሳብ ግን የሆነ ቦታ ወድቆ ቀረ። ያነሣው ያለም አይመስለንም።

ውጤቱ ምን ሆነ? በአሮጌ ሰፈሮች የሚኖረው ሰው አብዛኛው የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ሰውየው አያድሰውም፤ ኪራዩ ጥቂት ብር ስለሆነ መንግሥትም አያድሰውም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሁለቱም ሲተያዩ ግድግዳው ዘመመ። ከዚያ "ያረጀና የተጎሳቆለ" ተባለና ፈረሰ። የመሬት ይዞታ ማስለቀቂያ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታዎች በቦታቸው ላይ በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በቡድን ራሳቸው የማልማት የቅድሚያ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ግሩም አንቀጽ ነው። ግን ደግማችሁ አንብቡት፦ ባለይዞታ ነው የሚለው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ባለይዞታ አይደለም። አርባ ዓመት እዚያ ቤት የኖሩት እማማ አንቀጹ ውስጥ የሉም። እማማ ከሌሉ እኛ ደባሎቹማ ጭራሽ አልተወለድንም።

ከአሁን በፊት ተሞክሯል

"ሕዝብ ይምራው ማለት ቅዠት ነው" የሚሉን ጓደኞች አሉን። ስብሰባ የሚያበዛ አገር አይለማም ይላሉ። ለእነሱ ሩቅ አንሄድም፤ ተክለ ሃይማኖት እንሂድ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባሉ እጅግ የተጎሳቆሉ ቀበሌዎች አንድ ሥራ ተጀመረ። የመሩት ወ/ሮ ጀምበር ተፈራ ናቸው፤ በሙያቸው ነርስ፣ በደርግ ዘመንም ታስረው የወጡ። መጀመሪያ ከኖርዌዩ የሕፃናት አድን ድርጅት ጋር፣ በኋላም ራሳቸው ባቋቋሙት ድርጅት በኩል ነው የሠሩት። ዘዴያቸው "ሁለንተናዊ" ይባል ነበር፤ ቤት ብቻ፣ ወይም ጤና ብቻ፣ ወይም ሥራ ብቻ ሳይሆን ሦስቱንም አንድ ላይ። ለእኛ ትልቁ ነገር ግን የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ነዋሪው ኮሚቴውን መርጦ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ምን እንደሚያስፈልገው ራሱ ተናግሮ፣ ቤቱ ባለበት ቦታ እየታደሰ፣ የጋራ ሽንት ቤትና ማብሰያ፣ የጎርፍ መውረጃና የድንጋይ መተላለፊያ ተሠራ። ሰፈሩ ፈርሶ ሌላ ቦታ አልተወሰደም። ይህ የሆነው ገንዘብም ነፃነትም በጠፋበት ዘመን ነው። ያኔ ከተቻለ ዛሬ የማይቻልበትን ምክንያት የሚያስረዳን እንፈልጋለን።

ካራቺንም እንይ። ኦራንጊ በሚባል ሰፊ የድሆች መንደር እ.ኤ.አ. በ1980 አኽተር ሐሚድ ኻን የተባሉ አዛውንት አንድ ቀላል ነገር አስተዋሉ። ሕዝቡ መንግሥት የፍሳሽ መስመር እንዲሠራለት ይጠብቃል፤ መንግሥት ደግሞ ገንዘብ የለኝም ይላል። እሳቸው ሥራውን ለሁለት ከፈሉት። በቤትና በጠባብ መንገዱ ውስጥ ያለውን ቱቦ ነዋሪው ይሠራል፤ ዋናውን መስመር መንግሥት ይሠራል። ከ20 እስከ 30 ቤት ያለው አንድ ጠባብ መንገድ አንድ ኃላፊ ይመርጣል፣ ያዋጣል፣ ይቆፍራል፤ ባለሙያዎች ደግሞ ይለኩለታል፣ ዋጋ ይተምኑለታል፣ መሣሪያ ያውሱታል። ከ20 እስከ 30 ቤት፣ አንድ የተመረጠ ሰው፣ መዋጮ... ይህን ነገር የት ነው የምናውቀው? ዕድር ነው እኮ! ልዩነቱ የእነሱ ለሕያዋን መሆኑ ነው።

ታይላንድም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ መንግሥት ራሱ ብድሩን ለግለሰብ ሳይሆን ለተደራጀ ሰፈር የሚሰጥበት ፕሮግራም አለ። ሰፈሩ ማኅበር ሆኖ ይበደራል፣ መሬቱን በጋራ ይከራያል ወይም ይገዛል፣ ከዚያ ከአርክቴክት ጋር ቁጭ ብሎ ቤቱን ያቅዳል። አንዳንዴም ከመሬቱ ባለቤት ጋር ተደራድሮ ይካፈላል፦ መንገድ ዳር ያለው ውድ ቦታ ለባለመሬቱ ንግድ፣ ከኋላ ያለው ለነዋሪው መኖሪያ። ሁለቱም ከነበራቸው ትንሽ ይተዋሉ፣ ሁለቱም እዚያው ይቀራሉ።

ሕዝብም መልአክ አይደለም

እስካሁን ስናወራ "ሕዝብ" ያልነው ሁሉ ደግ መስሎ ይሆናል። እውነቱን እንናገር። ዕድራችን እኛን አባል አላደረገም፤ ተከራይ ነን። የቤት ሠራተኞች፣ ጥግ ላይ ሸራ ወጥረው የሚያድሩ፣ ማታ ማታ የሚሠሩ ሴቶች ከዕድሩ ውጭ ነበሩ። ዳኛውና ጸሐፊው ሁልጊዜ ወንዶች ነበሩ፤ ምግብ የሚያበስሉት ሁልጊዜ ሴቶች ናቸው። የግል ባለይዞታና የቀበሌ ቤት ተከራይ በአንድ አዳራሽ ቢቀመጡም ጥቅማቸው አንድ አይደለም፤ አንዱ መሬቱ ይወደድለት ዘንድ ይፈልጋል፣ ሌላው በተወደደበት ቀን ይባረራል።

ስለዚህ "ሕዝቡ ይምራ" ብሎ መፈክር መስቀል ብቻውን ምንም አይፈይድም። ጥያቄው ማን እንደሚቆጠር ነው። ቆጠራው የሚጀምረው በቤት ቁጥር ከሆነ ቤት የሌለው የለም ማለት ነው። በሚያድር ሰው ከሆነ ግን እኛም እንኖራለን፣ ሸራዋ ሥር ያለችውም ትኖራለች። ይህን ደግሞ ዕድሩ በራሱ አያደርገውም፤ ሕግ ያስፈልገዋል። መንግሥት እዚህ ላይ ያስፈልጋል። በሕዝቡ ፋንታ መስመር ማስመር የእሱ ሥራ አይደለም፤ በመስመሩ ላይ ማንም ሳይረገጥ ሁሉም መጠራቱን ማረጋገጥ ግን ሥራው ነው።

ስልክ ከአብደራፊ

አሁን ይህን ሁሉ ለምን እንዳነሣን እንንገራችሁ። ባለፈው ከአገር ቤት ስልክ ተደወለልን። ወደ ቆላ መውረድ በእነዚህ የጦርነት ዓመታት እንደ ድሮው አይደለም፤ ስለዚህ ብዙውን ነገር በስልክ ነው የምንሰማው። የአንዳችን አባት ናቸው። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ስለ ዝናቡና ስለ ሰሊጡ ጠይቀን ስንጨርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ከገበያው በላይ ያለው ሰፈራችን በፕላን ሊሠራ ነው፣ ችካል ሊተከል ነው የሚል ወሬ አለ። እናንተን ተማሩ ብለን ላክን፤ እስቲ ንገሩን፣ ሲጠሩን ምን እንበል?" አሉን።

ወሬ ነው። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ግን ሦስታችንም ዝም አልን። ያ ቅዳሜ ጠዋት ትዝ አለን።

ያ ሰፈር በማንም መዝገብ ላይ ታሪካዊ አይደለም። ጭቃ ቤት ነው፣ ቆርቆሮ ነው፣ በሙቀቱ ጊዜ ከነልጆቻችን ውጭ የምናድርበት ዳስ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን ከየደጋው ለሰሊጥ ወርደው፣ በሽታው ሳይገድላቸው ቀርቶ፣ ጎጆ ቀልሰው የተከሉት ሰፈር ነው። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ድንኳንና ጎጆ ነበረች። ዛሬ "ታሪካዊ" የምንለው ሰፈር ሁሉ አንድ ቀን ማንም ያልቆጠረው ሰፈር ነበር።

ተመካክረን መልሰን ደወልን። የነገርናቸው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ስብሰባው መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። ጥቅምት ላይ ከተጠራ አይቀበሉ። ሰሊጥ ቀን ካለፈበት ፍሬው ይረግፋል፤ ማንም ገበሬ እርሻውን ትቶ አዳራሽ አይቀመጥም። በአጨዳ ወር የተጠራ ውይይት ሰው እንዳይመጣ የተጠራ ነው።

ሁለተኛ፣ ካርታውን ከስብሰባው በፊት ይጠይቁ። ገበያው ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ በር ላይ ይለጠፍ። ሰው ቤቱን በጣቱ ነክቶ ያግኝ።

ሦስተኛ፣ "ይህ ረቂቅ ነው ወይስ የጸደቀ?" ብለው ይጠይቁ። ረቂቅ ከሆነ "ሌላው አማራጭ የታለ?" ይበሉ። አንድ ብቻ ከሆነ ምርጫ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው።

አራተኛ፣ የሚፈርስ ካለ በየተራ ይሁን። ባዶ ቦታ ላይ መጀመሪያ ይሠራ፣ ሰው ይግባ፣ ከዚያ የእሱ ቤት ይፍረስ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ለሚቀጥለው ይሠራ። ይዘገያል፤ ግን ማንም ሜዳ ላይ አይወድቅም፣ ዕድሩም አብሮ ይዘዋወራል።

አምስተኛውን ስንናገር አባታችን ትንሽ ቅር አላቸው። "የቀን ሠራተኞቹንም ይቁጠሩ" አልናቸው። "እነሱ እኮ የእኛ ሰዎች አይደሉም፤ ሰሊጡ ሲያልቅ ይሄዳሉ" አሉን። "አባባ፣ እናንተም ድሮ እንዲያ ነበራችሁ፤ እኛም እዚህ እንዲያ ነበርን" አልናቸው። በየዓመቱ የሚመጣ ሰው እንግዳ አይደለም። የሚያድርበት፣ ውኃ የሚያገኝበት፣ ሲታመም የሚተኛበት ቦታ ፕላኑ ውስጥ ከሌለ እንደ ድሮው በየእርሻው ግራር ሥር ያድራል፤ ካላዛር የሚያመጣው የአሸዋ ዝንብ ያለው ደግሞ እዚያው በግራሩና በተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ውስጥ ነው። አባታችን ዝም ብለው ቆዩና "እሱስ እውነት ነው" አሉ።

እማማ ምን አሉ?

ቅዳሜ ዕለት ቡና ልንጠጣ እማማ ጋ ሄድን። አራተኛ ፎቅ ናቸው፤ ውኃ ሲጠፋ ጄሪካኑን እኛ እናወጣላቸዋለን። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሽንት ቤቱ የራሳቸው ነው፤ ለዚህ ፈጣሪን ያመሰግናሉ። አዲስ ዕድርም ተጀምሯል፣ እሳቸውም ገብተዋል፤ "ግን ገና አንተዋወቅም፤ የማይተዋወቅ ሰው እንዴት አብሮ ያለቅሳል?" ይላሉ።

የአብደራፊን ነገር ነገርናቸው። አምስቱንም ነጥብ አንድ በአንድ ዘረዘርንላቸው። እንደ ተማሪ ነው ያዳመጡን። ከዚያ ሁለተኛውን እየቀዱ "ያን ቀን ይህን ሁሉ ታውቁ ነበር?" አሉን።

"እናውቅ ነበር" አልን።

አልተቆጡም። ስኒውን አቀበሉንና "እንግዲህ ለእነዚያ ቀድማችሁ ነገራችኋቸው፤ ደግ አደረጋችሁ" ብቻ አሉ። ከዚያ በላይ ምን ይባላል?

እኛ ወስነናል። አብደራፊ ላይ ስብሰባው ከተጠራና መንገዱ ከተከፈተ ከሦስታችን ቢያንስ አንዳችን እንወርዳለን። የማን ቤት ነህ ብሎ የሚጠይቅ ካለም መልሱ አለን፤ እዚያ ደባል አይደለንም። እስከዚያው ግን እናንተን እንጠይቅ፦ የምትኖሩበትን ሰፈር የዕድር ዳኛ ታውቁታላችሁ? ቀለሙ በራችሁ ላይ ከመቀባቱ በፊት ብትተዋወቁ ይሻላል።